ኑርልኝ

ቡሬ ላይ፣ ከአሮጌው ገበያ ከፍ ብሎ ያለውን ባለሰገነት ቤት የማያውቅ አልነበረም። ግድግዳው ድንጋይ በጭቃ ነው፤ ወለሉና ደረጃው የጽድ እንጨት። ሰገነቱ ላይ የቆመ ሰው ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ያያል። ያሠሩት የሐጂ ሙስሊም አባት ነበሩ፣ ቡናና ቆዳ በበቅሎ ሲያመላለሱ በኖሩበት ዘመን። ሐጂ ሙስሊም እዚያው ተወለዱ፣ እዚያው ሚስት አገቡ፣ ሰዓድንና ራጂያን ወለዱ፣ ሚስታቸውንም ከዚያው ቤት አውጥተው ቀበሩ። አሁን ሰማንያውን አልፈዋል። ነገር መርሳት ከጀመሩም ቆይተዋል፤ የትናንቱ እየጠፋባቸው የጥንቱ ይቀርባቸዋል።

ሰዓድ የእህል ነጋዴ ነው። ሀብት አለው፣ መኪና አለው፣ ስም ግን የለኝም ብሎ ያምናል። አንድ ጊዜ ለዕቃ ግዢ ቻይና ሄዶ ያረፈበት ሆቴል ልቡን ይዞት ቀረ። ተመልሶ መጥቶ ከገበያው ማዶ መድኃኒት ቤት ላላት ለእህቱ ለራጂያ እንዲህ አላት፦

«እታለም፣ ሰው በበሩ ሲገባ ውሃ ውስጥ የገባ ነው የሚመስለው። ጣራው ውሃ፣ ግድግዳው ውሃ፣ እግርሽ ሥር ውሃ። ግን ጠብታ አይነካሽም። የአባየን ቤት እንደዚያ ነው የማደርገው። ከባሕር ዳር፣ ከአዲስ አበባ ሰው ለማየት ይመጣል።»

«ወንድምዓለም፣ ቤቱ እኮ ጭቃ ነው» አለች ራጂያ። «ጭቃና ውሃ ምን አንድ አደረጋቸው?»

«ለዚያ ባለሙያ አለ።»

ባለሙያዋ ትሕትና ነበረች። ፍኖተ ሰላም ተወልዳ አዲስ አበባ የተማረች፣ የውስጥ ንድፍ የምትሠራ ወጣት ናት። ቤቱን ዞራ ስታይ ጽዱን እየዳበሰች እንባዋ መጣ። «ይሄን ቤት ማንም አይንካብኝ» አለች። «ኮንሰፕቱ ውሃ ይሁን፤ ግን ውሃው ቤቱን እንግዳ ሆኖ ነው የሚጎበኘው፣ ባለቤት ሆኖ አይደለም።» አዳራሹ መሐል ዝቅ ያለ ገንዳ ነደፈች፣ በላዩ እየረገጡ የሚሻገሩባቸው ጠፍጣፋ ድንጋዮች ያሉት። በጥቁር ድንጋይ ላይ እየተንሸራተተ የሚወርድ የውሃ ግድግዳም ጨመረች፤ ከአሮጌው ግድግዳ ግን ሰው በሚያሳልፍ ክፍተት ርቆ፣ በራሱ መሠረት እንዲቆም። ለክፍሎቹ የአገሩን ወንዞች ስም ሰጠች። ትልቁ ክፍል ፈጠም ተባለ፤ ከካርታ ላይ ያየችው፣ ለቡሬ የቀረበ ወንዝ ስለሆነ ብቻ።

ሐጂ ሙስሊም ከምድር ቤቱ ኋለኛ ክፍል አልወጣም አሉ። ልጆቻቸው ለመኑ፤ ሽማግሌ ገባ፤ አልሆነም። ስለዚህ ሥራው ሲሠራ እሳቸው መዶሻና መጋዝ እየሰሙ እዚያው ኖሩ።

የክፉው ነገር መጀመሪያ ወደ ሐጂ ክፍል የሚወስደው ኮሪደር ቀለም በተቀባበት ሰሞን ነው። ትሕትና ግድግዳውንና ወለሉን ውሃ ሰማያዊ አስቀብታ፣ በጣራው ላይ ሞገድ የመሰለ መስተዋት አስገጥማ ነበር። ፀሐይ ስትገባ ብርሃኑ ወለሉ ላይ ይሄዳል፤ ልክ እንደ ወራጅ ውሃ። ራጂያ ምሳ ይዛ ስትመጣ አባቷን ኮሪደሩ አፍ ላይ አገኘቻቸው። ጀለቢያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበዋል። በምርኩዛቸው ጫፍ ወለሉን ነካ ያደርጋሉ፤ ጥልቀት እንደሚለካ ሰው።

«ምነው አባየ?»

«ሞልቷል» አሉ። «አትግቢ። ይጎድል እንደሆነ እንጠብቅ።»

«ቀለም ነው እኮ፣ አባየ። ይዩ፣ ደረቅ ነው።» በእግሯ ረግጣ አሳየቻቸው። ሐጂ ግን ክንዷን ጨምድደው ወደ ኋላ ሳቧት። በዚያ ዕድሜ ያን ያህል ጉልበት አላቸው ብላ አታስብም ነበር። ቀለም ቀቢዎቹ ሳቁ። እሷም ልትስቅ ፈልጋ የአባቷን ፊት ስታይ ተወችው። ሽማግሌው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን ከወለሉ ሳይነቅሉ ጠበቁ። በመጨረሻ ራጂያ በውጭ በኩል፣ በዝናብ፣ አዙራ ወደ ክፍላቸው አስገባቻቸው።

ከዚያ በኋላ ገንዳው ተሞላ። አንድ ጧት ሰዓድ በድንጋዮቹ ላይ እየረገጠ ሲሻገር ሐጂ ከክፍላቸው በር ላይ ሆነው አዩት። ድምፃቸው ቤቱን ሞላው።

«ኑርልኝ! ኑርልኝ!»

ሰዓድ መሐል ገንዳው ላይ ቆመ። አባቱ ጠንካራ ሰው ነበሩ፤ ልጅ ሆኖም ጎልማሳ ሆኖም እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ሰምቶ አያውቅም። ሮጦ ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ። ሐጂ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ሕፃን ዳበሱት፤ ፀጉሩን ነካኩት፤ ደረቅ መሆኑን የሚያረጋግጡ ይመስሉ ነበር።

«ሰማሽ፣ እታለም?» አላት በኋላ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «አባየ መረቀኝ። ኑርልኝ አለኝ።»

ራጂያ ደስ አላት። ለምን እንደሆነ ባታውቅም ደስታዋ ሙሉ አልነበረም። ምርቃት እንዲህ በጩኸት ሲወጣ ሰምታ አታውቅም።

ሰዓድ ቃሉን በትልልቅ የነሐስ ፊደል አስቀርጾ ከአዳራሹ መግቢያ ፊት ለፊት አሰቀለው። ለገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ሆነ፦ ኑርልኝ።

በዚያው ሰሞን መንገድ ተዘጋ። ትሕትና አዲስ አበባ ቀረች፤ ስልክም ሲመጣ ሲጠፋ ከረመ። መንገዱ ተከፍቶ ስትመለስ አዳራሹ ውስጥ ገብታ ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ ደነገጠች። የውሃው ግድግዳ ካዘዘችው ቦታ ተነቅሎ ከአሮጌው ግድግዳ ጋር ተለጥፏል።

«ጋሽ ሰዓድ፣ ክፍተቱ የት ሄደ?»

«አዳራሹ ጠበበ። ሰርግ የሚይዝ አዳራሽ ነው የምፈልገው። ፕላስቲክ አስደርጌበታለሁ፤ ውሃ አያሳልፍም።»

«ፕላስቲክ ይቀደዳል። ከኋላው ያለው ጭቃ ነው! ላዩ ላይ ደግሞ ፎቁ በሙሉ አለ። ይሄ ሳይፈርስ ውሃ እንዳይለቀቅበት።»

«ትሕትና፣ እህቴ፣ መንገዱ ዛሬ ተከፈተ፤ ነገ መዘጋቱን ማን ያውቃል? ነሐሴ ሳያልቅ ይመረቅ። ከዚያ እንዳልሽው እናስተካክላለን።»

«ቃል ይግቡልኝ።»

«ወላሂ።»

ሰዓድ ሊያታልላት አልነበረም። ሊያደርገው ያሰበውን ነው የተናገረው፤ ነገር ግን ያሰበው ሁሉ ‹ከምርቃቱ በኋላ› በሚባል ጎተራ ውስጥ ይከማች ነበር።

ከምርቃቱ በፊት ባለው ሳምንት የኔታ ክንፈሚካኤል ሐጂን ሊጠይቁ መጡ። የኔታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ከሐጂ ጋር ከልጅነት የተዋወቁ፣ በዓል በመጣ ቁጥር የሚጠያየቁ። ራጂያ እጃቸውን ይዛ ስታስገባቸው አዳራሹ ደፍ ላይ ቆሙ። የነሐሱን ጽሑፍ አነበቡ። ደግመው አነበቡ።

«ይኸን ማን አስጻፈ?»

«ወንድሜ ነው፣ የኔታ። የአባየ ምርቃት ነው። ሰዓድን ባዩት ቁጥር ኑርልኝ ይሉታል።»

የኔታ መቋሚያቸውን ተደገፉ። ከዚያ ቀስ ብለው «ሰሙን ይዛችሁ ወርቁን ጥላችሁታል፣ ልጄ» አሉ። «ይህ ስም ነው።»

«የማን ስም?»

«የአጎትሽ። የአባትሽ ታናሽ።»

ራጂያ አጎት እንዳላት ሰምታ አታውቅም ነበር። የኔታ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነገሯት። ያኔ እሳቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከሽንዲ ገበያ በርበሬ ጭነው ሲመለሱ ፈጠም ሞልቶ ጠበቃቸው። ሌላው ነጋዴ ከዳር ተቀምጦ ይጎድል እንደሆነ ሲጠብቅ፣ ኑርልኝ ግን በቅሎዋን እየጎተተ ገባ።

«አባትሽ እጁን ይዞት ነበር አሉ። ጣቱን አስለቅቆት ነው የገባ። ይኸው፣ ሄደ። ከፈለጉት ሰዎች ጋር እኔም ወንዙን ይዤ ወርጃለሁ፤ በቅሎዋን አገኘን፣ እሱን አላገኘንም። አያትሽ ‹ሬሳውን ሳላይ ልጄ ሞተ አልልም› ብለው ለቅሶ ከለከሉ። ጎረቤት እንኳ እግዜር ያጽናችሁ ሳይል ቀረ። ከዚያ በኋላ ስሙ በዚህ ቤት አልተነሳም።»

ራጂያ ወደ አዳራሹ ዞራ አየች። ውሃው ለሙከራ ተለቆ በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ይወርዳል፤ ድምፁ ውጭ ድረስ ይሰማል።

«እንግዲህ ያ ሁሉ ጩኸት ለማን እንደሆነ አሁን አውቀሻል» አሉ የኔታ። «ወንድምሽም ይወቀው።»

ነገረችው።  ሰዓድ ኮቱን አውልቆ እንደገና ለበሰው።

«አጎት ነበረን?»

«ነበረን።»

«እኔን አይደለም ማለት ነው የጠራኝ።» ፊቱ የተቀማ ልጅ ፊት ሆነ። ራጂያ ጽሑፉ ይውረድ አለችው፤ ውሃውም ይቁም፣ አባየ እየተሰቃዩ ነው አለችው። «ከምርቃቱ በኋላ» አለ።

የምርቃቱ ዕለት ሰማዩ ከጧት ጀምሮ ጠቁሮ ዋለ። ሆኖም ሰው መጣ። ሼሁ፣ ካህናቱ፣ ሹሞቹ፣ ከማንኩሳና ከፍኖተ ሰላም የተጠሩ ነጋዴዎች በበሩ ፊት ተሰበሰቡ። ሐጂ ሙስሊም ነጭ ለብሰው፣ በራጂያ ተደግፈው፣ ዱዓ አድርገው ቀድመው እንዲገቡ ነበር የታሰበው። በሩ ሲከፈት የውሃው ድምፅ ወጣ፤ ቀዝቃዛ አየርም አብሮት። ሐጂ ቆሙ።

ሰዓድ እጁን ዘረጋላቸው። እሳቸውም ያዙት፣ ግን አልተንቀሳቀሱም።

«ኑርልኝ፣ አትግባ።»

«አባየ፣ እኔ ሰዓድ ነኝ።»

«ትንሽ ታገሥ። ይጎድላል። ሰው ሁሉ ቆሞ የለም? አንተ ብቻ ምን ያስቸኩልሃል?»

 ከእንግዶቹ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ሰዓድ ራጂያን አያት፤ ምን እየሆነ እንዳለ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ፊቱ ላይ ላብ ወጣ። አንድ ጊዜ፣ ለአፍታ ያህል፣ የሚተወው መስሏት ነበር። ከኋላ ግን አንዱ ሹም ጉሮሮውን ጠረገ። ሰዓድ ጎንበስ ብሎ የአባቱን እጅ ሳመ፤ ከዚያ ጣታቸውን አንድ በአንድ አስለቅቆ ገባ። እንግዶቹ ተከተሉት።

ሐጂ የጮኹት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ደፉ ላይ ተቀመጡ፤ ፊታቸውን ወደ ቁልቁለቱ አዙረው፣ ጎርፍ የወሰደውን ነገር በዓይን እንደሚከተል ሰው ቀሩ። የኔታ ክንፈሚካኤል መቋሚያቸውን አጋድመው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ አዳራሹ ውስጥ አልገቡም።

ያን ዕለት ምንም አልሆነም። ሰው በላ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ድንጋዮቹን እየረገጠ ገንዳውን ተሻገረ፣ ‹ማሻአላህ›፣ ‹እሰይ› አለ። ሰዓድ ማታ ለራጂያ ስልክ ደውሎ «አየሽ?» አላት።

በማግስቱ ራጂያ አባቷን ወደ ራሷ ቤት ወሰደቻቸው። ሐጂ አሁን እምቢ አላሉም፤ የትም ቢወስዷቸው ግድ የማይሰጣቸው ሰው ሆነዋል። ልብሳቸውን ልትሰበስብ ተመልሳ አልጋቸውን ክፍሉን ከአዳራሹ ከሚለየው ግድግዳ ስታላቅቅ እጇ ልስኑ ላይ አረፈ። ልስኑ ገባ። እንደ ሊጥ ነበር። ጆሮዋን አስጠጋች፤ ግድግዳው ውስጥ ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር አለ።

ሰዓድ ተጠርቶ መጣ። እሱም በጣቱ ጫነው፤ ጣቱን ጭቃ ይዞት ወጣ።

«ክረምት ነው» አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ወንድምዓለም፣ አፍስሰው። ዛሬውኑ።»

«ቅዳሜ ሰርግ ተቀብያለሁ። የመጀመሪያው ነው። ሰርጉ ይለፍ፣ እሑድ አፈርሰዋለሁ። በራሴ እጅ።»

ራጂያ ወጥታ ለትሕትና ደወለች። ትሕትና በስልክ እያለቀሰች ሰዓድን ለመነችው። ውሃው ይፍሰስ፣ ሰው ይውጣ፣ ከዚያ ግድግዳው በግንድ ይደገፍ አለችው። እሺ አላት። ግንዱንም በእርግጥ አዘዘ፤ ዓርብ ይደርሳል ተባለ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ዝናቡ ወረደ። ከዚያ የሆነውን ለራጂያ የነገረቻት እንግዳ ተቀባይዋ ሠርክአዲስ ናት። ሰርጉን የሚያስጌጡ ልጆች አበባ እየሰቀሉ ነበር። አቡጀዲ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ከግድግዳው መጣ። ከጥቁሩ ድንጋይ አንዱ ተላቅቆ ገንዳው ውስጥ ወደቀ፤ ከወደቀበት ቦታ የሚወርደው ውሃ ቀይ ነበር፣ አፈር ይዞ።

ሰዓድ አልተደናገጠም አለች። «ውጡ! ዕቃ አታንሡ፣ ውጡ!» እያለ ሁሉንም ገፍቶ አስወጣ። ፎቅ ወጥቶ ክፍል ጠራጊዎቹን አወረደ። እሷን ራሷን በክንዷ ይዞ እስከ በሩ ድረስ አመጣት። ከዚያ ዞሮ አየ። ፓምፑ ገና ይሠራል፤ ውሃው እየወረደ ነው።

«ልዝጋው» አለ። «ቤቱን እየበላው ነው።»

«ጋሼ፣ ይተዉት!» ብላ ኮቱን ያዘች።

«መዝጊያው ደረጃው ሥር ነው። መጣሁ።»

ገንዳውን በሩጫ ተሻገረ። የውሃው ድምፅ ቆመ፤ እንደዘጋው ሁሉም በዚያ አወቀ። ለጥቂት ጊዜ ቤቱ ውስጥ ፍጹም ጸጥታ ሆነ። ከዚያ የኋላው ግድግዳ ተቀመጠ፤ አልወደቀም፣ እንደደከመው ሰው ተቀመጠ አለች ሠርክአዲስ፤ ፎቁም በላዩ መጣ።

የገበያው ሰው ሁሉ በእጁ ቆፈረ። እስላም ክርስቲያን የለም፤ ድንጋይ የሚቀባበለው ሰልፍ እስከ መንገዱ ደረሰ። ሰዓድ ሳይመሽ ተገኘ። በማግስቱ ጧት እንዲቀበር ተወሰነ።

ራጂያ መርዶውን ለአባቷ ራሷ ነገረች። ሌላ ሰው እንዲነግራቸው አልፈለገችም። አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ይዛ፣ ውሃና ግድግዳ የሚባል ነገር ሳታነሳ፣ «አባየ፣ ወንድሜ ሞተ» አለቻቸው።

ሐጂ ቀና ብለው አዩዋት። ዓይናቸው ጥርት ያለ ነበር።

«አውቃለሁ። ተገኘ?»

«አዎ። ተገኘ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከደረታቸው ረጅም ትንፋሽ ወጣ። «አልሐምዱሊላህ። እኔ አሁንስ አይገኝም ብዬ ነበር። የት አገኙት? ከታች ነው?»

ራጂያ ያኔ ገባት። ልታርማቸው አፏን ከፈተች። ከዚያ የአባቷን ፊት አየች፤ ኮሪደሩ ላይ ካገኘቻቸው ዕለት ጀምሮ የነበረው ፍርሃት ከላዩ ተነሥቷል። አፏን ዘጋች።

ሐጂ ሙስሊም በሰው ሳይደገፉ ወደ ቀብር ሄዱ። ጀናዛ ሲሰገድ ቀጥ ብለው ቆሙ። አፈር ሲመለስ ጎንበስ ብለው በእጃቸው አለበሱ። ሰው ሁሉ ‹እንዴት ያለ ጽናት ነው፣ አንድ ወንድ ልጃቸውን እየቀበሩ› ይላል። ራጂያ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ቆማ ትሰማለች። የወንድሟ ሐዘን በአንድ በኩል ይቆርጣታል፤ በሌላ በኩል አባቷ በአንድ ሌሊት አሥር ዓመት ያነሱ ሰው ሆነው ታያቸዋለች። በወንድሟ መቃብር ላይ አባቷ ዕረፍት አገኙ። ለዚህ ማንን ታመሰግናለች፣ ማንንስ ትቆጣለች?

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሐጂ መሐል ተቀምጠው ሰው ተቀበሉ። በሉ፣ ጠጡ፣ የጥንት ሰዎችን ስም እየጠሩ አመሰገኑ። ትሕትና ከአዲስ አበባ ስትደርስ ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። ራጂያ እግር ሥር ተደፋች።

«ነግሬያቸው ነበር ልል አልመጣሁም» አለች። «ውሃውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

ራጂያ ልትቆጣ ፈልጋ ነበር። ቁጣው ግን ቦታ አጣ፤ ያለው ቦታ ሁሉ ተይዟል። «ተነሺ» አለቻት፤ «እዚህ፣ አጠገቤ ተቀመጭ።»

የኔታ ክንፈሚካኤል ገብተው ከሐጂ ጎን ሲቀመጡ ሐጂ አቀፏቸው። «መጣህልኝ» አሉ። «አንተማ ታውቀዋለህ። ስንፈልገው አብረኸን ነበርህ።»

«አብሬ ነበርሁ፣ ሐጂ» አሉ የኔታ፤ ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ።

ሐጂ በድንኳኑ ውስጥ ያለውን ሰው አንድ በአንድ አዩ። የሚፈልጉት ሰው ያለ ይመስላሉ። ከዚያ ወደ ራጂያ ጎንበስ ብለው፣ ለቀስተኛው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት።

«ሰዓድ የት ቀረ? የአጎቱ ለቅሶ ሆኖ እንዴት ይጠፋል?»

ራጂያ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች።  የኔታም ቀና አላሉም።

«ይመጣል፣ አባየ» አለች በመጨረሻ።

«እንግዲያው ሲመጣ በድንገት እንዳትነግሩት» አሉ ሐጂ። «መጀመሪያ ይቀመጥ፤ ውሃ ይጠጣ። ከዚያ ቀስ ብለሽ አንቺ ንገሪው። ሆደ ቡቡ ነው፣ ሰዓድ።»

«እሺ፣ አባየ» አለች ራጂያ።